የኢንጀክተር የውሃ ሙከራ፦ 149 ግራም ጠብቀን 96 አገኘን

ጠባሴ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ነን። በኢታኖልና በፈሳሽ ኦክሲጅን ለሚሠራ ትንሽ የሮኬት ሞተር የነዳጁን ኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚረጨውን ዕቃ) በውሃ እየሞከርን ነው፤ እሳት ገና ነው። ኢንጀክተሩ ከናስ ቶርኖ ላይ የወጣ ሲሆን 1 ሚሊ ሜትር የሆኑ 8 ቀዳዳዎች አሉት። ሁለት ሁለቱ የውሃ ክሩ እንዲጋጭ ተጋድመው ተበስተዋል። ታንኩ ላይ ያለው ጌጅ 5 ባር ያሳያል። ሲዲውን (በቀዳዳው በእውን የሚያልፈው ፍሰት በስሌት ከሚገመተው ጋር ያለውን ጥምርታ) 0.75 ይዘን በሰከንድ 149 ግራም ጠበቅን፤ በ20 ሰከንድ ባልዲ ውስጥ የገባው ግን 1.92 ኪሎ፣ ማለትም በሰከንድ 96 ግራም ነው። ከታንኩ እስከ ኢንጀክተሩ 1.5 ሜትር ጎማ አለ፤ የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር። በዚያ ላይ ከአራቱ ጥንድ የአንዱ ርጭት ወደ ጎን ያጋድላል። ቀዳዳውን ወደ 1.2 እናስፋው? ከፍታችንስ ለውጥ ያመጣል?

አንኮበር፦
ቀዳዳውን እንዳትነኩት! ጥፋቱ ያለው ጎማው ላይ ነው። በ4 ሚሊ ጎማ ውስጥ 96 ግራም ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 7.6 ሜትር ይሆናል። በ1.5 ሜትር ርዝመት ሰበቃው ብቻ 2.7 ባር ገደማ ይበላል፤ ቫልቩና መታጠፊያው ሲጨመር ኢንጀክተሩ ጋ የሚደርሰው ወደ 2 ባር ነው። በ2.05 ባርና በ0.75 አስሉት፤ ያው 96 ገደማ ይመጣላችኋል።

ጎማውን በ10 ሚሊ ለውጡት፤ ብክነቱ ከ0.1 ባር በታች ይወርዳል። ሌላ ጌጅ ደግሞ ኢንጀክተሩ አፍ ላይ፣ ከመጨረሻው መታጠፊያ በኋላ ግጠሙ። የታንኩ ጌጅ የሚነግራችሁ ስለ ታንኩ ብቻ ነው። ቀዳዳውን ወደ 1.2 ብታሰፉት ኖሮ ውሃው የሚያልፍበት የአፉ ስፋት (ኤሪያው) በ44 በመቶ ይጨምርና ጎማው ይብስ ይበላል፤ ክሩም ይልፈሰፈሳል። ኋላ እሳት ሲመጣ በኢንጀክተሩ በኩል የሚወርደው ግፊት ከማቃጠያው ክፍል ግፊት 15 እስከ 20 በመቶ ካልሆነ ሞተሩ መንደቅደቅ ይጀምራል፤ የክፍሉ ግፊት ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ነዳጁም አብሮ ስለሚዋዥቅ።

የባልዲውን አለካክም አስተካክሉ። ቫልቩን ከፍታችሁ ፍሰቱ እስኪረጋ ውሃው ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ከዚያ ባልዲውን አስገቡ፣ ሰዓቱንም ያን ጊዜ ጀምሩ። በሊትር ሳይሆን በሚዛን።

መንዝ፦
ስለሚያጋድለው ጥንድ፦ ሰባቱን ድፈኑና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። 1.05 የሆነ ቀዳዳ ከ1.0 ይልቅ በ10 በመቶ የበለጠ ያፈሳል፤ ርጭቱም ከጠንካራው ክር ይርቅና ወደ ደካማው ያጋድላል። ደካማ ሆኖ የተገኘውን በብርሃን አንጻር በማጉያ እዩት። ሁለት ነገር ነው የሚገኘው፤ ወይ ፑንታው ትቶት የሄደ የብረት ጺም፣ ወይ የቴፍሎን ቴፕ ብጣሽ። ቴፕ ሲጠቀለል የጥርሱ የመጀመሪያ ሁለት ዙር ባዶ ይቀመጥ፤ አለዚያ ማያያዣው ሲጠብቅ ይቆረጥና ቀጥ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ከኢንጀክተሩ በፊት 100 ማይክሮን ማጣሪያ አድርጉ።

ጺሙን በትራፓኖ አትንኩት። ወፈር ያለ ፑንታ በጣት ይዛችሁ መግቢያው ጠርዝ ላይ አንድ ዙር አዙሩ፤ ስምንቱንም እኩል። አንዱ ጠርዙ ሹል፣ ሌላው የተሞረደ ከሆነ ሲዲያቸው ይለያያል። አንግሉ ራሱ ተዛንፎ የተበሳ ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም፤ እንደገና ይሠራ።

ጣርማ በር፦
ከፍታው የውሃውን ሙከራ አይነካም። ጌጁም ክሩም የሚያውቁት ያንኑ የደብረ ብርሃን አየር ነው። የሚነካው ሞተሩን ነው። 2,840 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 0.72 ባር ገደማ ነው፤ የኖዝሉ (የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣበት) አፍ 40 ሚሊ ከሆነ ያው ሞተር ከባሕር ወለል ይልቅ 37 ኒውተን ያህል ይበልጥ ይገፋል። የኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ከገዛችሁ ክፍት አየር ላይ አንብቡት፤ 0 ካለ እንደ ጌጅ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚለካው፣ 0.72 ካለ ፍጹም ግፊት ነው የሚለካው። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ስሌቱ ሁሉ ይዛነፍበታል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ። ውሃ ውስጡ እንዳለ አታሳድሩት፤ ማታ በረዶ ሆኖ ማያያዣውን ይሰነጥቀዋል።

ጠባሴ፦
እናመሰግናለን። 10 ሚሊ ጎማ ገባ፤ አፉ ላይ ያለው ጌጅ 4.9 ባር፣ በ20 ሰከንድ 2.86 ኪሎ። የሚያጋድለው ጥንድ እንደተባለው ቴፕ ነበረበት። ታንኩ 10 ሊትር የሚይዝ፣ እዚሁ የተበየደ ብረት ነው፤ ከላይ በኮምፕረሰር አየር ነው የምንገፋው።

አንኮበር፦
143 ግራም፣ ሲዲው 0.73። ጥሩ ነው። ለኢታኖል ጥግግቱ 0.789 ስለሆነ በስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም በ0.89 አባዙት፤ በ5 ባር 129 ግራም አካባቢ ይሰጣችኋል። ሲዲው ግን የተለካው ወደ ክፍት አየር ሲፈስ ነው። በክፍሉ ግፊት ውስጥ ትንሽ ሊለወጥ ስለሚችል ለታንኩ ግፊት ጥቂት ባር መጠባበቂያ ያዙ። ነዳጁ ካነሰ ድብልቁ ወደ ኦክሲጅን አድልቶ ግድግዳውን ይበላዋል።

መንዝ፦
ስለ ታንኩ ሳትሰሙኝ እንዳትቀጥሉ። ብየዳው በውሃ ተፈትኗል? አየሩን በሙሉ አስወጥታችሁ እስከ አፉ ውሃ ሙሉት፤ በእጅ ፓምፕ 7.5 ባር አድርሱትና 10 ደቂቃ ያዙት። ውሃ ብዙ ስለማይታመቅ ብየዳው ቢከፈት ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። 10 ሊትር የታመቀ አየር ግን ብረቱን ይወረውረዋል። በ6 ባር የሚከፈት ሴፍቲ ቫልቭም ይኑረው፤ ቫልቩን የሚከፍተው ሰው ከግንብ ጀርባ ይሁን። ይህን ታንክ ለእሳቱ ሙከራ አታስቡት፤ ለ5 ባር የተበየደ የእሳቱን ከፍ ያለ ግፊት አይችልም።