ኮዱን ልቀጥል ወይስ ሹመቱን ልቀበል? ደሞዙን አስልቼ ግራ ገባኝ

ሌሊት_ተረኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አዲስ አበባ አንድ የግል ባንክ ውስጥ ሲኒየር ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ሞባይል ባንኪንጉን ከኮር ባንኪንጉ (የባንኩ ዋና የሒሳብ ሲስተም) ጋር የሚያገናኘውን ሲስተም የጻፍነው ሦስት ሆነን ነበር። አንዱ ዱባይ ሄደ፣ አንዱ ካናዳ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ሌላው ጋ ሳይገባ ሲቀር የሚደወለው ለእኔ ነው። ባለቤቴ የስልኬን ጥሪ ከሰማች ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ አስጠርቶኝ የክፍል ሥራ አስኪያጅ እንድሆን ጠየቀኝ። አሁን ያልተጣራ ደሞዜ 52,000 ብር ነው። የሹመቱ 70,000። 18,000 ብር ጭማሪ ብዬ ደስ አለኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ሁሉ 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። 7 በመቶ ደግሞ ጡረታ። እጄ የሚገባው 10,440 ብር ነው።

ሰው የሚሯሯጠው ግን ለደሞዙ አይደለም። በወር 150 ሊትር ነዳጅ አለ። የስልክ አበል አለ። የመኪና መግዣ ብድር በትንሽ ወለድ አለ። ሲኒየር ኢንጂነር ለምን ነዳጅ አይሰጠውም ብዬ የሰው ሀብት ክፍል ያለችዋን ልጅ ጠየቅኳት። «ነዳጁ ለመደቡ ነው እንጂ ለሰውየው አይደለም» አለችኝ። የደረጃና የደሞዝ ስኬሉን አውጥታ አሳየችኝ። የኛ መስመር ጁኒየር፣ ኢንጂነር፣ ሲኒየር ይልና ያበቃል። ከዚያ በላይ ያሉት ሣጥኖች ላይ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ጎኑ ያለው የሥራ አስኪያጆቹ መስመር እስከ ምክትል ፕሬዚዳንት ይወጣል።

ውጭ ያላችሁ፣ ኮድ እየጻፈ ከአለቃው እኩል የሚከፈለው ሰው አለ የሚባለው እውነት ነው? እዚህ ሹመቱን ወስዳችሁ ያያችሁትስ?

የሲያትል_ዝናብ

ወንድሜ፣ እውነት ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። አይቢኤም «ፌሎው» የሚለውን ከፍተኛ የመሐንዲስ ማዕረግ የጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው፤ ጎበዝ መሐንዲስ አለቃ ሳይሆንም ከፍ እንዲል። አሁን ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ሁለት መሰላል አላቸው፤ አንዱ ለአለቃ፣ አንዱ ለኢንጂነር። ማይክሮሶፍት ደረጃ 63 እና 64 ሲኒየር ናቸው፣ ከ65 ጀምሮ ከሲኒየር በላይ ያለው ፕሪንሲፓል። ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) ኤም1 የሚላቸው አለቆች ኢ6 ከሚባለው የኢንጂነር ደረጃ ጋር እኩል ናቸው። የሚከፈልህ ለቁጥሩ ነው፣ ለማዕረጉ ስም አይደለም። የጎግል መሐንዲሶቹ ጄፍ ዲንና ሳንጄይ ጌማዋት እስከ ደረጃ 11 የወጡት በኮዳቸው ነው።

የራሴን ልንገርህ። እኔ አለቃ የሆንኩ ቀን የመጣልኝ ደብዳቤ ላይ ደሞዜ ያው ነበር። አንድ ዶላር አልተጨመረም። ረስተውት መስሎኝ ደወልኩ። «ደረጃሽ አልተቀየረም እኮ፣ ሥራሽ ነው የተቀየረው» አሉኝ። ሰባት ሰው ተሰጠኝ። ከሰባቱ አንዱ ከእኔ አንድ ደረጃ በላይ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የእሱን ጭማሪ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ከደሞዙ ጋር የሚሰጠውን የኩባንያ አክሲዮን ሳየው ከእኔ ብዙ ይበልጣል። አገር ቤት ላለች እናቴ ይሄን ነገር ማስረዳት አቃተኝ፤ «ታዲያ አለቃው ማነው?» አለችኝ።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ወደ ኮዴ ተመለስኩ። ደሞዜ አልወረደም። እዚህ ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል፤ መመለስ ይቻላል፣ እንደ ውርደትም አይቆጠርም።

ግን ወረቀቱ ላይ እኩል ነው ማለት ወንበሩ እኩል ነው ማለት አይደለም። ከሲኒየር በላይ አንድ ደረጃ በኮድ መውጣት ይቻላል፣ ቢያደክምም። ከዚያ ወዲያ ኢንጂነሮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በዳይሬክተር ደረጃ ከኢንጂነር ይልቅ ዳይሬክተር ይበዛል። ምክንያቱም ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር የአለቃ ወንበር በራሱ ይፈጠራል። የኢንጂነሩን ወንበር ግን ራስህ መፍጠር አለብህ፤ የብዙ ቲም ራስ ምታት የሆነ ነገር ፈልገህ፣ ፈትተህ፣ ለኮሚቴ አስረድተህ።

የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ ይገለበጣል። ሜታ በ2023 እ.ኤ.አ. መሐል ያሉ አለቆችን ወደ ኮድ ተመለሱ ወይ ሂዱ ብሏል። አማዞን በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ክፍል ከአለቃ አንጻር የሠራተኛውን ብዛት ቢያንስ በ15 በመቶ እንዲያሳድግ አዘዘ። አለቃ ይቀነስ ማለት ነው፣ በጨዋ ቋንቋ።

   

ጋሽ_ኮቦል

ልጄ፣ እህትህ የነገረችህ ጥሩ ነው፣ ግን የሲያትል ነው።

እኔም ባንክ ነበርኩ። ሹመቱን ወሰድኩ። በ14ኛው ወር መዋቅር ተከለሰና ሁለት ክፍል አንድ ሆነ። አንድ ክፍል ሁለት ሥራ አስኪያጅ አይችልም። ደሞዜን አልነኩትም፣ «ሲኒየር አማካሪ» የሚል ስም ሰጡኝ። የነዳጅ ካርዱን ግን በዚያው ሳምንት ፈርሜ መለስኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ የበላሁት 150 ሊትር ቤንዚን ነው። መኪናው እጄ ላይ ቀረ፣ የብድሩ ዕዳም እኔው ላይ ቀረ። ከባንኩ ስለቅ ደግሞ ወለዱን ወደ ተራ ደንበኛ ወለድ አሳደጉት። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ስፈርም አላነበብኩትም።

ስለዚህ 10,440 ብሩን ብቻ ቁጠር። ነዳጁ የወንበሩ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አልጠየቅክም። የሌሊቱ ስልክ ለማን ይተላለፋል? ካልተላለፈ ቀን ስብሰባ፣ ሌሊት ሰርቨር ነው። ሁለት ሥራ በአንድ ደሞዝ። እኔ ላይ የደረሰው እሱ ነው።

በኋላ የገባሁበት ድርጅት «ዋና ኤክስፐርት» የሚባል መደብ እንዲከፈት አራት ገጽ ጽፌ ለሰው ሀብት አስገባሁ። ዓመት ፈጀ። ጸደቀ። ደሞዙ ከክፍል ሥራ አስኪያጅ እኩል ሆነ፣ ነዳጁን ግን እምቢ አሉ።

ሪሞት_ነኝ

ሁለቱንም ተወው፣ ከቤትህ ሆነህ የውጭ ድርጅት ሥራ ያዝ። 🙂 ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል እኔ በዶላር ሳንቲም ሳይጨመርልኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ደሞዜ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ግን ጡረታ የለኝም። ቤት ልገዛ ብድር ስጠይቅ ባንኩ «የአሠሪህን ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። አሠሪዬን በካሜራ እንጂ በአካል አይቼው አላውቅም። ውሉም በአንድ ኢሜይል ይቋረጣል።

ሌሊት_ተረኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጋሼን ጥያቄ ይዤ ዛሬ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። የሌሊቱ ስልክ ለማን ይተላለፋል አልኩት። ትንሽ አሰበና «ለጊዜው አንተው ጋ ይቆይ፣ ሰው እስክናሠለጥን» አለኝ። ለጊዜው ማለት ስንት ጊዜ ነው ስለው ሳቀ። ሁለት ሰው አሠልጥኜ ስልኩን ካስረከብኩ በኋላ ልሾም አልኩት። እሱ ደግሞ ቦታው እስከዚያ ክፍት አይቆይም አለ።

የሲያትሏ እህቴ፣ መመለስ ይቻላል ያልሽውን ሰው ሀብት ያለችዋን ልጅ ጠየቅኳት። ከሥራ አስኪያጅነት ወደ ኢንጂነርነት የሚመለስ ሰው ቅጹ ላይ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፤ «ከደረጃ ዝቅ ማድረግ»፣ እሱም የሚሞላው በዲሲፕሊን ነው።

እስከ ሰኞ መልስ ስጥ ተብያለሁ። ጋሼ፣ ያ አራት ገጽ አሁንም እጅዎ ላይ ካለ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።