የዘፈን ግጥም አጣሞ መስማት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ቀለም ቀንድ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ የእንግሊዝኛ ዘፈን እየሰማ ግጥሙን ጽፎ አመጣልኝ። ግማሹን ዘፋኙ ጭራሽ አላለውም፤ ሰዋስዉ ግን ልክ ነው! እኔ “ማላፕሮፒዝም” ነው እላለሁ፣ ባልደረባዬ “ስፑነሪዝም” ነው ይላል። ማናችን ነን ልክ?

እትዬ ፊደል፦
ሁለታችሁም አልደረሳችሁበትም፣ ልጄ። ይሄ ሞንደግሪን ነው። ስሙን ያወጣችለት አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሲልቪያ ራይት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በሃርፐርስ መጽሔት። በልጅነቷ እናቷ አንድ የቆየ የስኮትላንድ ግጥም ታነብላት ነበር። የሞሬይን መስፍን ገደሉት፣ “ኤንድ ሌይድ ሂም ኦን ዘ ግሪን” ይላል፤ ሣሩ ላይ አጋደሙት ማለት ነው። ልጅቷ የሰማችው ግን “ኤንድ ሌዲ ሞንደግሪን” ብሎ ነው። እና ያቺ ያልተፈጠረች ወይዘሮ ከመስፍኑ ጋር ተገደለች ብላ አዘነችላት! ካደገች በኋላም ሞንደግሪን ከዋናው ግጥም ይበልጣል ባይ ነበረች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

የአንተ ማላፕሮፒዝም የአፍ ጣጣ ነው። በ1775ቱ የሼሪዳን ተውኔት ወይዘሮ ማላፕሮፕ የተማረች ለመምሰል ከባድ ከባድ ቃል ትወረውራለች፤ ግን በድምፅ ከሚመሳሰለው ሌላ ቃል ጋር እያምታታች። አንዷን እልኸኛ ልጅ “በአባይ ዳር እንዳለ አሌጎሪ” አለቻት፤ አሌጎሪ ምሳሌያዊ ታሪክ ነው፣ እሷ ግን የአዞ ዘመድ የሆነውን አሊጌተር ማለቷ ነው።

ስፑነሪዝም የቃላት መነሻ ድምፅ ሲለዋወጥ ነው። ስሙ የኦክስፎርዱ የኒው ኮሌጅ ኃላፊ የዊልያም ስፑነር ነው፤ ምስኪኑ ሰውዬ ብለዋል ከሚባለው አብዛኛውን ሌሎች ናቸው የፈጠሩባቸው።

አዞ፦
አባይ ውስጥ እኮ አሊጌተር የለም 😂 ሴትዮዋ ቃሉ ቢስተካከልላትም አልዳነችም።

የጣና ልጅ፦
እትዬ፣ ሞንደግሪን ያሉት ያው የእኛ ሰምና ወርቅ አይደለም እንዴ? አንድ ድምፅ፣ ሁለት ትርጉም።

እትዬ ፊደል፦
በፍጹም! ቅኔ ውስጥ ኅብረ ቃሉን የሚያስቀምጠው ባለቅኔው ነው፤ ወርቁን ቀብሮ ሰሚው እንዲቆፍር ይተወዋል። ሞንደግሪን ውስጥ ግን የቀበረ ሰው የለም፤ ጆሮ በራሱ ጊዜ የፈጠረው ነው።

ቀለም ቀንድ፦
ተባረኩ እትዬ። ታዲያ ለልጁ ማርክ ልቀንስበት?

እትዬ ፊደል፦
እሱ የአንተ ፋንታ ነው። ብቻ ወረቀቱን ከመመለስህ በፊት ስሙን ሸፍነህ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፍልን። የትኛው ዘፈን እንደሆነ አትናገር፣ እኛ እንገምት።