ክርክር፦ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለ ሰው «ህዋሱ እንዲታደስ» ይራብ?

አወያይ፦ ሰላም የሐዋሳ ቤተሰብ። ሰሞኑን በየስልኩ የሚዞር የድምፅ መልእክት አለ። «3 ቀን ውኃ ብቻ ጠጡ፤ ሰውነት የራሱን ቆሻሻ ይበላል፤ ካንሰሩም አብሮ ይጠፋል» ይላል። ይህን ለታማሚ መላክ ተገቢ ነው? ሁሉም ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።

የታቦር ልጅ፦ እኔ እደግፋለሁ። ነገሩ ሳይንስ ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በፈረንጆች 2016 ኖቤል የተሸለመው በዚሁ ነው። ህዋስ ሲራብ ያረጀ አካሉን ፈጭቶ መልሶ ይጠቀምበታል። ኦቶፋጂ ይሉታል። የካንሰር መድኃኒት ስንት እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ጾም ገንዘብ አይጠይቅም። ድሃው ይህን ተስፋ ለምን ይነፈጋል?

የባዮሎጂ መምህር፦ ወንድሜ፣ ስለ ኦሱሚ ያልከው ልክ ነው። ግን ሰውዬው የሠራው በእርሾ ነው። እርሾ ሲራብ ውስጡ የሚሆነውን በማይክሮስኮፕ አየ፤ ሥራውን የሚመሩትን ጂኖች ለየ። ሽልማቱ «ረሃብ ካንሰር ያድናል» ለሚል ግኝት አልተሰጠም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ኦቶፋጂ የካንሰር ዕጢ ከመፈጠሩ በፊትና ከተፈጠረ በኋላ ሥራው አንድ አይደለም። ከመፈጠሩ በፊት ጠባቂ ነው። የተበላሸ ማይቶኮንድሪያ (የህዋስ ኃይል ማመንጫ) ሲከማች ዘረ መልን የሚጎዳ ነገር ያመነጫል፤ ኦቶፋጂ ያንን ያጸዳል። ቤክሊን 1 ከሚባለው ጂን አንዱ ቅጂ የጎደላቸው አይጦች ዕጢ እንደሚበዛባቸው በፈረንጆች 2003 ታይቷል። ዕጢው ካደገ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዕጢ ውስጥ ደም በደንብ የማይደርስበት ቦታ አለ። ምግብም ኦክስጅንም ያጥራል። እዚያ ያለው የካንሰር ህዋስ በምን ይኖራል? በኦቶፋጂ! የራሱን እየፈጨ ክፉ ቀን ያልፋል። ኬሞን የሚቋቋምበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው።

ፋርማሲስቷ፦ መምህር ባሉት ላይ ልጨምር። ሐዋሳ ኖሮ ክሎሮኪንን የማያውቅ የለም። ለቫይቫክስ ወባ የምንሰጠው ነው። ክሎሮኪንና ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ላይሶዞምን ያዳክማሉ። ላይሶዞም ማለት ህዋስ ውስጥ ያለው የመፍጫ ከረጢት ነው። እሱ ከደከመ ኦቶፋጂ መጨረሻው ላይ ይቆማል። ተመራማሪዎች እነዚህን መድኃኒቶች በካንሰር ታማሚዎች ላይ የሞከሩት ኦቶፋጂን *ለማፈን* ነው። መልእክቱ ከሚለው ተቃራኒውን ማለት ነው። ውጤቱ ገና አጥጋቢ ስላልሆነ ማንም ተነስቶ ክሎሮኪን እንዳይገዛ፣ አደራ።

የታቦር ልጅ፦ እሺ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙስ? ኦቶፋጂ የቲቢን ባክቴሪያ ይገድላል ተብሎ አንብቤያለሁ። መከላከያው ከጠነከረ ካንሰሩንም ያጠቃል።

የባዮሎጂ መምህር፦ የቲቢው እውነት ነው። እኔንም በጣም የሚያስደንቀኝ እሱ ክፍል ነው። በፈረንጆች 2004 የወጣ ጥናት ላይ፣ ባክቴሪያውን የዋጡ የመከላከያ ህዋሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ሲራቡ፣ ተደብቆ የነበረውን ባክቴሪያ ወደ ላይሶዞም እየነዱ አጠቁት። ጀርም የሚያስታውሱት፣ ቲ ህዋሳት የሚባሉት የመከላከያ ህዋሳትም ዕድሜያቸው እንዲረዝም ኦቶፋጂ ያስፈልጋቸዋል። ግን ሳህን ላይ ያለ ህዋስ መራብና የታመመ ሰው መራብ የተለያየ ነገር ነው።

ሌላም አለ። ቲ ህዋስ ካንሰርን የሚለየው ላዩ ላይ በሚታይ ምልክት ነው። የቆሽት ካንሰር ህዋስ ያንን ምልክት የሚያሳይበትን ፕሮቲን በኦቶፋጂ ፈጭቶ ያጠፋዋል። በቃ፣ ከጠባቂው ተሰወረ። በፈረንጆች 2020 ይህ በአይጥ ሲጠና፣ ኦቶፋጂው ሲታፈን ምልክቱ ተመልሶ ወጣ፤ ቲ ህዋሳቱም ዕጢውን በተሻለ አጠቁት።

የካንሰር ክፍል ነርስ፦ እኔ ስለማያቸው ሰዎች ልናገር። ካንሰር ራሱ ጡንቻ ይጨርሳል። ታማሚ በአልጋው ላይ ሲመነምን ማየት ከባድ ነው። ክብደት በጣም ከቀነሰ ኬሞው ሊቀነስ ወይም ሊዘገይ ይችላል። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያ ለካንሰር ታማሚ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ይላል። ፕሮቲኑ ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል 1.5 ይሁን ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው እስከ 90 ግራም ፕሮቲን መሆኑ ነው። ያንን ለማሟላት እንቁላሉ፣ ሽሮው፣ የአሞራ ገደል ዓሣ ሾርባው ሁሉ ያስፈልጋል። እባካችሁ ያንን ድምፅ ለታማሚ አትላኩ።

አስታማሚ፦ እህቴ ኬሞ ላይ ናት። መልእክቱን ከሰማች ወዲህ ደግሞ ሁዳዴን ካልጾምኩ ብላለች። እንዴት ብዬ ልከልክላት? እንዳላስቀይማት ፈራሁ።

ዲያቆኑ፦ እህቴ፣ አንቺ አትከልክያት። ከንስሐ አባቷ ጋር አገናኛት። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ አባቶች አይተው ይፈቅዱላታል። እስላም ወንድሞቻችንም ዘንድ ታማሚ በሌላ ቀን እንዲያካክስ ተፈቅዷል። ጾም የንስሐና የጸሎት ነው። የዕጢ መድኃኒት ተብሎ ሲሰበክ ግን ያመኛል። ዕጢው ባይጠፋ «ሳልጾም ቀርቼ ነው» ብላ ራሷን ትወቅሳለች እኮ።

ነርሷ፦ በየሳምንቱ መዝኛት፣ ቁጥሩንም ጻፊው። ለቀጠሮ ስትመጡ ያንን ለሐኪሟ አሳዩ። አፏ ቆስሎ ወይም እያቅለሸለሻት ከሆነም ንገሩን፤ ለእሱ መድኃኒት አለ።

የታቦር ልጅ፦ ከኬሞ በፊት የሚደረግ አጭር ጾም በሰው ላይ እየተሞከረ አይደል እንዴ? በሩን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት።

የባዮሎጂ መምህር፦ እየተሞከረ ነው፣ ይሞከርም። እዚያ ግን ሐኪም ይከታተላል፤ ደም ይመረመራል፤ የከሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ገና ከመጀመሪያው አይገባም። የድምፅ መልእክቱ ከሚደርሳቸው መካከል ማን እንደከሳ ላኪው በምን ያውቃል?