አማራጭ ነዳጅ ለአየር ንብረት ከበጀ ለምንተነፍሰው አየርም ይበጃል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ተሽከርካሪ አማራጭ ነዳጆች ሳነብ አንዱ ጸሐፊ የተፈጥሮ ጋዝን «ንጹሕ ነዳጅ» ሲለው ሌላው ምድርን ከሚያሞቁት ይመድበዋል። ከዕፅዋት በሚሠሩት በኤታኖልና (የቤንዚን ምትክ) በባዮዲዝልም (የናፍጣ ምትክ) ላይ እንዲሁ የሚጋጭ ነገር አንብቤያለሁ። ሁለቱም ወገኖች ሙያውን የሚያውቁ ስለሚመስሉ ማንን ማመን እንዳለብኝ ቸግሮኛል።

ሞተረኛው፦
የሚለኩት ነገር የተለያየ ስለሆነ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የከተማን አየር የሚበክለው ከማርሚታ ወጥቶ በአካባቢው ሰው ሳንባ የሚገባው ጥቀርሻ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የትም ይለቀቅ የት ምድርን የሚያሞቀው እኩል ነውና፣ የአየር ንብረቱ ሒሳብ ነዳጁ ከተመረተበት ማሳ ወይም ጉድጓድ መጀመር አለበት።

የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል ጥቀርሻ የለውም ማለት ይቻላል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የዴልሂ አውቶቡሶች ወደ ታመቀ ጋዝ እንዲዞሩ ያዘዘው፣ ሥራውም በ2002 መጨረሻ የተጠናቀቀው የከተማዋን አየር ለማጥራት ነበር። ለተመሳሳይ የሙቀት መጠን የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከናፍጣው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ጋዙ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሳይቃጠል ያመለጠ ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ሲሰላ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ያሞቃል። ከጉድጓዱ፣ ከቧንቧው ወይም ከራሱ ከሞተሩ ጥቂት በመቶ ብቻ ቢያፈተልክ ያ ሁሉ ትርፍ ገደል ገባ ማለት ነው።

አገዳ፦
ከዕፅዋት ስለሚሠሩት ልጨምር። ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ተክሉ ራሱ ከአየር የወሰደው ነው መባሉ እውነት ቢሆንም ሒሳቡን አይዘጋም፤ ማዳበሪያው ምድርን አጥብቆ የሚያሞቀውን ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃል፣ ለማሳ ሲባል ደን ከተመነጠረም በዛፉና በአፈሩ የተከማቸው ካርቦን ይወጣል። የብራዚል የሸንኮራ አገዳ ኤታኖል ከበቆሎው የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ፋብሪካው ተጨምቆ የቀረውን አገዳ እያነደደ ስለሚሠራ ነው።

ወደ ጭሱ ስንመጣ፣ ቤንዚን ላይ የተጨመረ ኤታኖል በተለይ በአሮጌ መኪኖች ካርቦን ሞኖክሳይድን ሲቀንስ አሴታልዴሃይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ይጨምራል። ያልተደባለቀ ባዮዲዝልም በአሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ብናኙን በግማሽ ገደማ እየቀነሰ ናይትሮጅን ኦክሳይድን በ10 በመቶ አካባቢ ከፍ ያደርጋል። ጥሩ የጭስ ማጣሪያ ባለው አዲስ ሞተር ላይ ግን ልዩነቱ እጅግ ይጠባል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለከተማ አየር ነዳጅ ከመቀየር ይልቅ ሰልፈሩ የተቀነሰ ናፍጣና የሚሠራ ማጣሪያ ይቀድማሉ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሃይድሮጅንስ? የሚያወጣው ውሃ ብቻ ነው ሲባል እሰማለሁ።

ሞተረኛው፦
በነዳጅ ሴል፣ ማለትም ሃይድሮጅንን ሳያቃጥል ከኦክስጅን ጋር በሚያዋህድ መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ እውነት ነው። ሞተር ውስጥ ከተቃጠለ ግን ሙቀቱ የአየሩን ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ስለሚያዋህድ ናይትሮጅን ኦክሳይድ አይቀርም። ከዚያም በላይ ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጅን ከሞላ ጎደል ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ሲሆን፣ ከጋዝ ለሚመረተው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ኃይል ቢመረት እንኳ፣ ያው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ቢሞላበት መኪናውን እጥፍ ያህል ርቀት ያስኬደዋል። ስለዚህ ለቤት መኪና አልመርጠውም።

አገዳ፦
ባትሪውም ቢሆን የጎማውን ብናኝ አያስቀርም፤ የፍሬኑ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚያዘገየው በእጅጉ ይቀንሳል።