ኩላሊት መስጠት፦ ጎን ተከፍቶ ወይስ በካሜራ?

የፒያሳው፦
ለታናሽ ወንድሜ ኩላሊት ልሰጥ ነው፣ ምርመራው አልቋል። አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት ወረቀት ተሸካሚ ነኝ። አንዱ ሐኪም ጎን ተከፍቶ ይወጣል አለኝ፣ ሌላው በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ። ለሚቀረኝ ኩላሊት የቱ ይሻላል? እማዬ «ሆድህን በጋዝ ነፍተው ያኛውንም እንዳያበላሹት» ብላ እንቅልፍ አጥታለች።

ነርሷ፦
እናትህ ከመሬት ተነስተው አይደለም የሰጉት። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፋ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ፈሳሽ በደንብ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ጋዙ ሲወጣ ይመለሳል። በካሜራ ወጥቶ ወንድምህ ጋ የሚገባው ኩላሊት መጀመሪያ ሰሞን ሥራው ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ዓመት ሲሞላው ግን ልዩነቱ አይታይም። ያንተ በሁለቱም ያው ነው፦ የቀረው ሥራ ጨምሮ ከቀድሞው አቅም ከ60 እስከ 70 በመቶ ይይዛል። ክሬቲኒንህ፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ በምርመራ ከፍ ቢል አትደንግጥ።

የካዛንቺሷ፦
እኔ ለእህቴ ጎኔን ተከፍቼ ነው የሰጠሁት። ኩላሊቴ ደህና ነው፤ ያስለቀሰኝ ቁስሉ ነው፣ ሳል ሲመጣ ትራስ ጎኔ ላይ አጥብቄ ነበር የምስለው። ለሸክም ሰው የካሜራው ይሻላል፣ ቶሎ ትነሳለህ። ብቻ ሐኪሙ እጁ የለመደውን ይሥራ። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ግን እርሳው፣ ኩላሊት ይጎዳል።

የፒያሳው፦
ወይ ጣጣ! ወገቤ ያለሱ አይሆንለትም።

ነርሷ፦
ፓራሲታሞል። የወገብህን ነገር ለሐኪሙ አሁኑኑ ንገረው፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት።