የመዳብ ፍሎቴሽን (በአረፋ የማንሳፈፍ) ሙከራ፦ ሲሶው መዳብ በቴይሊንግ (ሳይንሳፈፍ በሚቀረው ተረፈ ማዕድን) እየሄደብን ነው

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሌላ ክልል፣ ከመሬት በታች ቁፋሮ የመጣ የመዳብ ማዕድን ናሙና እዚህ ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ውስጥ እየሞከርን ነው። የገባው ማዕድን 1.6% መዳብ አለው። 1 ኪሎውን 80% ከ180 ማይክሮን በታች እስኪሆን ፈጭተን፣ ፒኤች 9 ላይ ዛንቴት (ማዕድኑን ከአረፋው ጋር የሚያጣብቅ ኬሚካል) በቶን 40 ግራም ሂሳብ ሰጥተን ለ8 ደቂቃ አንሳፈፍነው። ኮንሰንትሬቱ (በአረፋ የተሰበሰበው) 18%፣ ቴይሊንጉ 0.6% መዳብ ይዞ ወጣ። ዛንቴቱን ወደ 80 ብናሳድገውስ?

ጦሳ_ስር (ደሴ)፦
ዛንቴቱን ለጊዜው አትንኩት። በእነዚህ ቁጥሮች የተያዘው መዳብ 65% ገደማ ነው፣ ኮንሰንትሬቱም ከ1 ኪሎ ወደ 57 ግራም መመዘን አለበት። ሚዛናችሁ ከዚህ በጣም ከራቀ ጥፋቱን ናሙና አከፋፈላችሁ ወይም ምርመራው ላይ ፈልጉት።

ሚዛኑ ከገጠመ ቴይሊንጉን በ150፣ በ75 እና በ38 ማይክሮን ወንፊት ለይታችሁ እያንዳንዱን አስመርምሩ። መዳቡ ከ150 በላይ ከተከማቸ ከድንጋዩ አልተላቀቀም፤ አፈጫጨቱን ወደ 106 ወይም 75 አውርዱ። ከ38 በታች ከሆነ ግን ተጨማሪ መፍጨት ያባብሰዋል።

18% ዝቅተኛ ነው። ንጹሕ ቻልኮፓይራይት (የመዳብ፣ የብረትና የድኝ ማዕድን) 34.6% መዳብ ስለያዘ፣ ከሰበሰባችሁት ግማሽ ያህሉ ሌላ ነገር ነው። ፒኤች 9 ላይ ፓይራይት (መዳብ የሌለው የብረትና የድኝ ማዕድን) አብሮ ይንሳፈፋል። ኖራውን ወፍጮው ውስጥ ጨምራችሁ 10.5–11 አድርሱት። አፉ ተከፍቶ የከረመ የኖራ ከረጢት ወደ ካርቦኔት ስለሚለወጥ ብትጨምሩበትም ፒኤቹ አይነሳም፤ አዲስ ክፈቱ።

ቦርከና_ዳር፦
እናመሰግናለን። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ፤ ለውጥ ያመጣል?

ጉድጓድ_07፦
በጣም እንጂ! ማላካይት (ድኝ የሌለው አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን) ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ዛንቴት እጥፍ ቢሰጠውም ብቻውን በደንብ አይንሳፈፍም። ከቴይሊንጉ ጥቂት ወስዳችሁ በ5% ሰልፈሪክ አሲድ ለ1 ሰዓት አማስሉና የሟሟውን መዳብ አስለኩ። ከ0.6ቱ አብዛኛው ከሟሟ መልሱ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ሰልፋይዱን (ከድኝ ጋር የተዋሃደውን መዳብ) አንሳፍፉ። ቀጥሎ የማላካይቱን ፊት ወደ ሰልፋይድ የሚለውጠውን ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይድ በጥቂት በጥቂቱ ስጡ፣ በሰልፋይድ ኤሌክትሮድ −500 ሚሊቮልት አካባቢ ያዙት፣ ከዚያ እንደገና ዛንቴት። በአንዴ ከበዛ ማዕድኑን መልሶ ያሰምጠዋል። ፒኤቹ ከወረደ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ገዳይ ጋዝ ነው። የጭስ መሳቢያው ሳይሠራ አትጀምሩ፣ አሲዱንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ።

ናሙናው ከላይኛው ዋሻ ነው ወይስ ከጥልቁ? ተፈንድቶ ለወራት እዚያው የከረመ ማዕድን ሰልፋይድም ቢሆን ፊቱ ኦክሳይድ ስለሚሆን ይሄን ላኪዎቹን ጠይቁ።

ጦሳ_ስር፦
አብሽሩ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። በውሃ የተበጠበጠ ዛንቴት ይበላሻልና 1%ቱን በየቀኑ በጥብጡ፤ ለ1 ኪሎ ናሙና በቶን 40 ግራም ማለት ከሱ 4 ሚሊ ሊትር ነው። አረፋውንም በ1፣ 2፣ 4 እና 8 ደቂቃ ለየብቻ ሳህን ሰብስቡ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎችም መዳብ እየመጣ ከሆነ የጎደለው ጊዜ ነው።