ጥያቄ፦ ሶላር ለአቅመ ደካማ እናቶች፣ በነፃ ወይስ በዱቤ?

የግንፍሌዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ በአንዲት ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው የምሠራው። ክረምት ላይ የአቅመ ደካሞችን ቤት እናድሳለን። ዘንድሮ ጣሪያ ከቀየርንላቸው መሃል ስምንቱ በራሳቸው ቤት የሚኖሩ እናቶች ናቸው። መስመር አላቸው፤ ግን መብራቱ ይጠፋል። አንዷ በልብስ ስፌት ነው የሚተዳደሩት፤ መብራት ሲሄድ ገቢያቸውም አብሮ ይሄዳል። ሶላር ልናስገባላቸው አሰብን። ያለን ብር የሚበቃው ግን ለሦስት ቤት ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ባለገመዱ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ በሶላሩ ምን እንደሚሠራበት ለዩ። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። እሱን ለመስመሩ ተዉት፤ አለዚያ ዋጋው አይቻልም። አራት ባለ 7 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 140 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 100 ዋት የስፌት ሞተር 4 ሰዓት ቢሠራ 400። ለዚህ አንድ ባለ 200 ዋት ፓኔል በበጋ ይበቃል። በክረምት ደመና ስላለ ባትሪውን ከመስመርም መሙላት የሚችል ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ) ግዙ። ባትሪው ሊቲየም ይሁን። የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ እንዲህ ላለው ሥራ አልተሠራም፣ ቶሎ ይሞታል። ቤቶቹ የጭቃ ከሆኑ ደግሞ ቆርቆሮው አዲስ መሆኑ አይበቃም። ማገሩንና ወራጁን አይታችሁ ነው ፓኔል የምትጭኑት።

የዕድር ጸሐፊ፦
በነፃ ከሰጣችሁ ሦስት ቤት ላይ ያበቃል። እኔ ብሆን ከስፌት ሠሪዋ እናት እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ሶላሩ ለእሳቸው ገቢ ያመጣል። ከፊሉን ድርጅቱ ይቻል፤ የቀረውን በየወሩ በትንሽ በትንሹ ይክፈሉ። የተመለሰው ብር አራተኛውን ቤት ይገዛል፣ ከዚያ አምስተኛውን። ሰብሳቢው ዕድሩ ይሁን፤ ማን ታሞ ማን አጥቶ እንደቀረ የሚያውቀው እሱ ነው።

ምሥራቅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ጧሪ የሌላቸውን የ70 ዓመት እናት ባለዕዳ ማድረግ ይከብዳል። ለእንደነሱ ያለ ክፍያ ይሁን። መብራቱና ስልክ መሙያው ብቻ ያለው አነስ ያለ ሶላር ይበቃቸዋል።

የዕድር ጸሐፊ፦
ልክ ነሽ ልጄ። ከፋዩ መክፈል የሚችለው ብቻ ይሁን።

ከኦክላንድ፦
እኔ ባለሁበት፣ አሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ግሪድ ኦልተርኔቲቭስ የሚባል በጎ አድራጊ ድርጅት አለ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ የቤት ባለቤቶች ሶላር ይገጥማል። ገጣሚዎቹ መሃል ሙያውን የሚማሩ ሠልጣኞችና በጎ ፈቃደኞች አሉ። እናንተም አጠገባችሁ ካለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጋር ተነጋገሩ። ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ፕሮግራም እንደ ግራሚን ሻክቲ ያሉ ድርጅቶች በዱቤ እየሸጡ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት ደርሰዋል። አንድ ልዩነት ግን አለ። እዚህ አሜሪካ ሰው የሚጠቀመው የመብራት ሂሳቡ ስለሚቀንስለት ነው። እናንተ ጋ ትልቁ ጥቅም ሥራ ፈትቶ የማይውለው ቀን ነው። ወርኃዊ ክፍያውን በዚያ ለኩት።

ባለገመዱ፦
አንድ ረስቼ፦ ሰፈሩ ለልማት ሊነሳ ይችላል። ፓኔሉ በብሎን ይታሰር፣ ተፈትቶ አብሯቸው እንዲሄድ። የማን ንብረት እንደሆነም በጽሑፍ ይስፈር።

የግንፍሌዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከዕድሩ ዳኛ ጋር እንቀመጣለን። ባለገመዱ፣ ወራጁን መጥተህ ብታይልን ቡናው ከእኛ ነው።